ዘጠኝ ጥቅል አረንጓዴ

ውድ ልጄ፣

እኔና እናትሽ የጀመርነውን የጠረጴዛ ልብስ ሳትጠይቂኝ ከመሳቢያዬ አውጥተሽ በጥልፍ መኪና አስጨረስሽው። በደሉ ይህ ነው። ሌላ ስም አታውጪለት። አንቺ ስጦታ አልሽው፣ አክስትሽ እጅሽ ይባረክ አለችሽ፣ ባልሽ ፎቶ አነሣው። እኔ በደል እለዋለሁ።

የሰባ አምስት ዓመቴን ምሳ አዘጋጅተሽ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሳህኑ ሳይቀርብ፣ ጨርቁን ፊቴ ዘረጋሽው። እኔም ጥልፍ ሲዘረጋልኝ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግኩ፤ ጫፉን ይዤ ገለበጥኩት። የእኔ ስልሳ ቅጠሎች ጀርባቸው እንደ ፊታቸው ንጹሕ ነው፤ አንድ ቋጠሮ አታገኚበትም። የመኪናው ሠላሳ ቅጠሎች ግን ከኋላ ነጭ ክር ተዝረክርኮባቸዋል፣ ጨርቁን የሚያጠነክረው ማደንደኛ ወረቀትም እንደ ልጣጭ ተለጥፎባቸዋል። መቀስ አምጡልኝ አልኩ። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም፤ ታውቂኛለሽና።

«አባዬ፣ ቢያንስ ሰው ፊት አታድርገው» አልሽኝ።

ሰው ፊት አደረግኩት። አራቱን ቅጠል እዚያው ተርትሬ፣ ጨርቁን አጥፌ በብብቴ ይዤ በእግሬ ወጣሁ። በር ላይ ደርሰሽ የተናገርሽው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ነው፦ «አምስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ የጣልከው አንተ ነህ። ለምን እንዳቆምከው እንኳ ነግረኸን አታውቅም።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሆነ። ስደውልልሽ አታነሺም። እኔም ከሦስተኛው በኋላ መደወል ትቻለሁ።

በመተርተሬ አልጸጸትም። ዛሬም ብታመጪው ዛሬም እተረትረዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሠላሳ ቅጠል በሁለት ሰዓት የሠራ መኪና ሥራው ሲፈርስ ሊያዝን አይችልም። ላነሣሽው ጥያቄ ግን መልስ አለብኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ነው። ይቅርታ እየፈለግሽ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

እኔ ግንበኛ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ባዶ ቦታ አይቼ ስንት ጡብ እንደሚፈጅ ስናገር ማንም ደግሞ አልቆጠረብኝም። ተርፎኝ አላውቅም፤ ጎድሎኝም አላውቅም። እናትሽ ጣቶቿ አብጠው መርፌ መያዝ ሲያቅታት፣ ጥልፏ እንዲቀር አልፈለግኩም፤ እኔ እሰፋዋለሁ አልኳት። ላስተምርህ አለች። እምቢ አልኩ። በዚያ ዕድሜዬ በሰው እጅ ተይዤ አልማርም ብዬ፣ ወፍ የተጠለፈበት ያረጀ የትራስ ልብሷን ተርትሬ በዚያው ቀዳዳ መልሼ ሰፋሁት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስጨርስ መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችውና፣ «ወፏ ዳክዬ ሆናለች፤ ግን ትዋኛለች» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ትነድፋለች፣ እኔ እጠልፋለሁ።

ይህን የጠረጴዛ ልብስ በባለ ካሬ ደብተር ላይ ነበር የነደፈችው። ጨርቁን ዙሪያውን የሚዞር አንድ ሐረግ ነው፤ ዘጠና ቅጠል አለው። ግርጌው ላይ ባበጠ ጣቷ፣ «አረንጓዴ፣ ዘጠኝ ጥቅል፣ በአንድ ጊዜ ይገዛ» ብላ ጻፈች። በአንድ ጊዜ ያለችበትን ምክንያት ጥልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። የክር ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ከአንድ ንክር ካልወጣ፣ ማለትም በአንድ ገንዳ አብሮ ካልተቀለመ፣ ቀለሙ አንድ አይሆንም። በሱቅ መብራት ይሸውድሻል፤ ፀሐይ ላይ ይጋለጣል።

እኔ ማስመሪያ አነሣሁ። የቅጠሉን ቁመት ለካሁ፣ ክሩ በአንድ ቅጠል ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ቆጠርኩ፣ በዘጠና አባዛሁት። ስድስት ጥቅል ይበቃል አልኳት። ዘጠኝ ነው አለች። ስድስት ነው አልኩ።

«አንተ ግንብ፣ ዘጠኝ ነው» አለችኝ።

ሄጄ ስድስት ገዝቼ መጣሁ። ስልሳኛው ቅጠል ላይ ክሩ አለቀ።

የት ጋ እንደተሳሳትኩ ያኔውኑ አወቅኩ። ጡብ አንድ ጊዜ ካስቀመጥሽው እዚያው ነው፤ ወደሚቀጥለው ጡብ ለመድረስ በግድግዳው ጀርባ ዞሮ አይመጣም። ክር ግን ይዞራል። በፊት ለፊት ከታየ በኋላ ለመመለስ ከኋላ ይሄዳል፤ ሲሶው የሚያልቀው ማንም በማያየው በኩል ነው። እኔ የለካሁት የሚታየውን ብቻ ነበር። ጀርባውን አልቆጠርኩም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አንብቢው፤ ሁለተኛ አልጽፈውም። ሱቁ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። ማለት የነበረብኝ «ክሩ አለቀ» ብቻ ነው። ሁለት ቃል። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እኔ ዋጥኩት። ዓይኔ ደክሟል፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ጨርቁን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እናትሽ አልተከራከረችኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ወደ መስኮቱ እያየች፣ «የክር ሱቁ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው» አለች። እንዳልሰማ ሆንኩ። ከስምንት ወር በኋላ ሞተች።

አንቺ ለዘመድ አዝማዱ «አባዬ ከሐዘኑ የተነሣ መጨረስ አቃተው» እያልሽ ስታወሪ እሰማ ነበር። ዝም ብዬ አስወራሁሽ። ሐዘን አልነበረም። እሷ በሕይወት እያለች ነው ያቆምኩት። ሦስት ጥቅል ክር ነው ያቆመኝ።

ከምሳው ማግስት ጀምሮ የመኪናውን ሥራ በሙሉ ተረተርኩ። አሥራ አንድ ቀን ወሰደብኝ። መኪና መርፌው ጨካኝ ነው፤ ጨርቁን እንደ ወንፊት በስቶታል። በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ በጥፍሬ ጀርባ እያሻሸሁ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። ከዚያ ክር መፈለግ ጀመርኩ።

በዚህ መካከል ባልሽ ሊያስታርቀን መጣ። ደኅና ልጅ ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩን ያስጮኸዋል እንጂ። ይህን ያህል ምን ያደክምዎታል፣ ክር በስልክ ይታዘዛል፣ በርዎ ድረስ ይመጣል ብሎ ስልኩን አሳየኝ። የአረንጓዴ ዓይነት እንደ ጉንዳን ተደርድሯል። ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙረው አልኩት፤ ቀለሙ ተለወጠ። መብራቱን ቀንሰው አልኩት፤ ደግሞ ተለወጠ። በጣት ሲነኩት ቀለሙን የሚቀይር ክር ለእኔ አይሆንም አልኩት። ሳቀና፣ «አባባ፣ ክሩ አይደለም እኮ የሚቀየረው» አለ። ክሩን ባላየሁበት በምን አውቃለሁ? ሸኘሁት።

መጀመሪያ ፎቅ ላይ ያለው ትልቁ ሱቅ ሄድኩ። ሁሉም ነገር በቁጥር ተሰድሯል፣ ንጹሕ ነው፣ መብራቱ ግን እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነጭ ነው። ከጨርቁ ጋር ላስተያየው ብዬ አንዱን ጥቅል ይዤ ወደ በሩ ሳመራ ሻጯ ተከተለችኝ።

«አባባ፣ ያልተከፈለበት ዕቃ ይዞ መውጣት ክልክል ነው።»

«እንግዲያው ፀሐዩን አስገቢልኝ» አልኳት።

አላስገባችልኝም። ጥቅሉን መልሼላት ወረድኩ። ቀጥሎ ገበያ ሄድኩ። እዚያ ክሩ ያለ ስም ያለ ቁጥር ተከምሮ በሚዛን ይሸጣል። ሰውየው አፉ ይጣፍጣል፤ ይህ ክር ከእርስዎ በኋላም ይኖራል አለኝ። ጫፉን በምራቄ አርሼ መሐረቤ ላይ አሸሁት። መሐረቤ አረንጓዴ ሆነ። «ይኸው፣ እኔ ቆሜ እሱ ሄደ» አልኩት። አጠገቡ ያሉት ነጋዴዎች ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

የቀረው አንድ ሱቅ ነበር። እውነቱን ልንገርሽና፣ እነዚያን ሁለቱን የዞርኩት ወደዚህኛው ላለመሄድ ነው። እናትሽ ዕድሜ ልኳን ክር የገዛችበት፣ እኔም ስድስቱን የገዛሁበት፣ በደረጃ የሚወረድበት ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቷን አንቺም ታስታውሻቸዋለሽ፤ አንገታቸው ላይ በክር የተሰካ የልብስ ቁልፍ ናሙና ስለማይጠፋ እመት ቁልፍ እንላቸው የነበሩት። አምስት ዓመት ደጃፋቸውን አልረገጥኩም። መንገዴ በዚያ ሲሆን እንኳ በማዶ በኩል ነበር የማልፈው።

ገባሁ። ቀና ብለው አዩኝ። ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳልል፣

«ሦስት ነው አይደል?» አሉኝ።

በምን አወቁ አልኳቸው። እናትሽ መጥታ ነበር። በዚያ ባበጠ እግሯ፣ በዚያ ደረጃ፣ አንቺን ሐኪም ቤት ሄጃለሁ ብላሽ በነበረ ቀን። ከስድስቱ ጋር ከአንድ ንክር የወጣ ሦስት ጥቅል ለይታ አስቀምጡልኝ ብላቸዋለች። እዚህ ከደረሱ ለምን አይወስዱትም ሲሏት እምቢ አለች።

«‹ራሱ ይመጣል› አሉኝ» አሉ እመት ቁልፍ። «‹እኔ ከወሰድኩለት የእሱ አይሆንም› አሉ።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ሁለት ዓመት ጠበቅኩዎት። ከዚያ ሸጥኩት። እንግዲህ ሱቅ ነው።»

በዚያች ደቂቃ ውስጤ የሆነውን አልጽፍልሽም። በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ፤ ተቀመጥኩ። በዚያ ሱቅ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ኋላ የአረንጓዴውን ሣጥን አንሥተው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ወደ ደጃፉ ብርሃን አወጡት። ጨርቁን ደረጃው ላይ ዘርግተን አስተያየን። አንዱ በጣም የሚቀርብ ነበር። ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው አይለይም፤ ይህን ይውሰዱ፣ ማንም አያውቅብዎትም አሉኝ። እኔ ከአጠገቡ ያለውን አነሣሁ። ከእርሱ ፈካ ያለ፣ አዲስ የበቀለ ሣር የመሰለ ነው። ጫፉን በሙቅ ውሃ ነክረን በነጭ ጨርቅ ጨመቅነው፤ አልለቀቀም።

«ይሄኮ ያስታውቃል» አሉኝ።

«እንዲያስታውቅ ነው» አልኳቸው።

ሦስት ጥቅል፣ ከአንድ ንክር፣ በአንድ ጊዜ ገዛሁ።

አሁን ሰባ አራተኛው ቅጠል ላይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አንድ ቅጠል እጠልፋለሁ፤ ከዚያ አይበልጥም። ዓይኔን ያየው ሐኪም ሞራ ነው፣ ቶሎ መነሣት አለበት ብሏል። ዓይኔ ደክሟል ብዬ የዋሸሁት አምስት ዓመት ዘግይቶ እውነት ሆነልኝ። ዘጠናኛው ቅጠል ሳያልቅ ማንም ዓይኔን አይነካውም ብዬዋለሁ። ቢከፋው የራሱ ጉዳይ ነው።

ከዚህ በኋላ የምሠራውንም በዚያው ባለ ካሬ ደብተር ነድፌያለሁ። ለወጥ ቤቱ መስኮት መጋረጃ አለ፤ ለልጅሽም ትራስ። ትራሱ ላይ የምትሆነው ያቺ ዳክዬ የሆነችው ወፍ ናት፤ አሁን ወፍ ላደርጋት እችል ነበር፣ ግን አላደርጋትም። በየንድፉ ሥር የክሩን መጠን ጽፌያለሁ፤ የጀርባው ተቆጥሮ ነው። የምገዛውም ከእመት ቁልፍ ነው። ደረጃው ያንሸራትታል፣ ሩቅ ነው እያልሽ እንዳትጨቀጭቂኝ። እናትሽ ወርዳዋለች።

ሥራው ሲያልቅ ጨርቁን የራሴ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋዋለሁ። መምጣት ከፈለግሽ በሩ ያው በር ነው። መቀሱንም አልደብቅልሽም። ስትመጪ መጀመሪያ ገልብጪው። ከስልሳኛው ቅጠል ቀጥሎ ቀለሙ ይለወጣል፤ ዕውር ካልሆነ በቀር ሁሉም ያየዋል። አክስትሽ ወይም ሌላ ሰው ለምን ሆነ ብሎ ቢጠይቅሽ፣ በሐዘን ነው ብለሽ እንዳትመልሺ። ያንን ውሸት ተርትሬዋለሁ።

ስድስት ብዬ ነበር። ዘጠኝ ነበር። እናትሽ ልክ ነበረች።

ጻፍኩት። አንቺ ያስጨረስሽውንም ሆነ እኔ ሳልጨርስ የተውኩትን እስክሞት ድረስ በአፌ አላነሣውም። ፊቴም እንዳታነሺው።

አባትሽ፣
ግንቡ