እልል የማይባልበት መንደር

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

እማዬን ዛሬ ሦስት ጊዜ ከቤት አስወጣኋት። መጀመሪያ ጫማዋን ስታወልቅ ግድግዳ ተደገፈች፤ ውጪ። ቀጥሎ ጫማዋን አፍንጫውን ወደ ቤት አዙራ ተወችው፤ ውጪ። ሦስተኛው ላይ ምንም አላጠፋችም። ስትናደድ ማየት ስለሚጥመኝ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆማ «አንተ ውርጋጥ፣ ቤቱ የማን ነው?» ትላለች። «ይቅርታ እመቤቴ፣ ይሄ እኛ የምንኖርበት ሊልበርን አይደለም። ጊዮን ነው» አልኳት።

ጊዮን ጃፓን አገር፣ ኪዮቶ የሚባል ከተማ ውስጥ ያለ የድሮ ሰፈር ነው። እማዬ ስሙን የሰማች ቀን «ከገነት የሚፈልቀው ግዮን?» ብላ አማትባለች። እህቴ ሜሪ ያገባችው እዚያ ነው። ከባሏ ከኬንጂና ከእናቱ ጋር ጠባብ ቅያስ ውስጥ፣ በእንጨት ቤት ትኖራለች። አሁን ልትወልድ ነው። እማዬ ልታርሳት ማክሰኞ ትበራለች። እኔ አልሄድም። እዚሁ አቅራቢያ ፒችትሪ ኮርነርስ ያለው የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ የቀጠረኝ በቅርቡ ስለሆነ ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ ሜሪ በስልክ ድምፅ እየቀዳች ምክር ትልካለች፣ እኔ አሠለጥናለሁ። ኮሌጅ አንድ ሴሚስተር ተምሬ ያቆምኩት ሰውዬ አስተማሪ ሆንኩ።

ኮሪደራችን ላይ ከሥራ ባመጣሁት ቀይ ፕላስተር ቅያሱን ሠርቻለሁ። እማዬ በመስመሩ መሀል እየሄደች ትማራለች። እየሄዱ መብላት የለም። መንገድ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ስለማይገኝ፣ የበሉበትን ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ቤት መመለስ። ቲፕ የለም። ብር ለሻጩ እጅ በእጅ አይሰጥም፣ ትንሽ ሳህን ላይ ይቀመጣል። ኪሞኖ ለብሰው የሚያልፉ ሴቶችን ፎቶ ለማንሳት አለመሮጥ። «የግል» የሚል ምልክት ያለበት ቅያስ ውስጥ አለመግባት፣ ያስቀጣል። ሽንት ቤት የራሱ ስሊፐር አለው፣ እሱን አድርጎ ሳሎን መግባት ጉድ ነው። ካልሲ ቀዳዳ እንዳይኖረው።

መሀል ላይ የራሴን አንድ ጣል አደረግኩ። «መንገድ ላይ የሻይ ማሽን አለ። ጠርሙሱን ሲሰጥሽ ያመሰግንሻል። አንቺም ጎንበስ ብለሽ እጅ መንሳት አለብሽ፣ አለበለዚያ ባለጌ ትባያለሽ።»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «ጨዋ ሕዝብ ነው» አለች።

ትራሴ ውስጥ ገብቼ ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ሻንጣ ቀን። በሶ ገባ፣ የገንፎ ዱቄት ገባ፣ በርበሬ ገባ። ከዚያ እማዬ ቋንጣውን ይዛ መጣች። ሳሎን ውስጥ ገመድ ዘርግታ ስታደርቀው የከረመችው፣ በሱ ምክንያት ሸሚዜ ሁሉ ወጥ ወጥ የሸተተው ቋንጣ።

«ሥጋ ጃፓን አይገባም» አልኳት።

«ደግሞ ጀመረህ!»

«ሙች፣ ሜሪ ናት ያለችው።»

«ለአራስ ልጄ ቋንጣ የሚከለክል አገር የለም።»

እሷ ምን ታድርግ! ጓሮ ጎመን ለመትከል ከካውንቲው ባለፎቶ ካርድ ማውጣት ግዴታ ነው ብዬ አንዴ ያሞኘኋት እኔ ነኝ። ሄዳ ፎቶ ተነሥታለች። ነጠላ ለብሳ። ፎቶው አሁንም ፍሪጁ ላይ ነው።

ዋናው ነገር ግን ቋንጣው አይደለም። ሜሪ ማታ አዲስ መልእክት ላከች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ቅያሱ ውስጥ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀዋል፣ ማስነጠስ ይሰማል። ጎረቤቶቹ በቱሪስት ጩኸት ተማርረዋል። የኬንጂ እናት ዕድሜዋን ሙሉ ለጎረቤት የምትጠነቀቅ ሴት ናት። ሜሪን የተቀበለቻት ቀስ ብላ ነው፣ ገና አሁን ነው አብረው ሻይ መጠጣት የጀመሩት። «እማዬ ልጁ ሲወለድ እልል እንዳትል። እባክህ ቢኒ። እሷ እልል ካለች እኔ እዚህ ቅያስ ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ አልሄድም።»

ለእማዬ ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ልጅ ተወልዶ እልል አይባልም?»

«አይባልም።»

«አንተ ልጅ፣ እግዜር ይይልህ» ብላ የሻንጣውን ዚፕ ዘጋች።

እማዬ እልል ስትል አይቶ የማያውቅ ሰው አይገባውም። እኔ ሃይስኩል ስጨርስ እልል ብላ የሰው መኪና አላርም አስነሥታለች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ጠዋት እሷ ስትጸልይ ሻንጣውን ከፈትኩ። ቋንጣውን አወጣሁ። በቦታው ክብደቱ እንዳይታወቅ አዲስ ነጠላ ጫማና ፎጣ ከተትኩ። ሕይወቴን ሙሉ የሠራሁት ተንኮል ሁሉ ለዚህ ቀን ልምምድ ነበር ማለት ነው።

ኤርፖርት ላይ ልታቅፈኝ ስትል በጃፓን አይታቀፍም ብዬ ጎንበስ አልኩላት። ጭንቅላቴን በጥፊ መታ አድርጋ አቀፈችኝ። «ምሳህን ብላ። እትዬ አልማዝ ብቅ ብለው ያዩሃል» አለች። እትዬ አልማዝ ፊት ለፊታችን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ደወላቸውን ደውዬ ቁጥቋጦ ሥር የምደበቅባቸው። ከኔ በቀር የሚያያቸው ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ልጆቻቸው ራቅ ብለው ሮዝዌል ከተማ ናቸው።

እማዬ ፍተሻው ጋ ስትደርስ ዞር አላለችም። አንዴ እንኳ። ጫማዋን ለማውለቅ ስትታገል አየኋት፤ ምንም ሳትደገፍ አወለቀች። አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷ አልሰማችም።

ቤት ስገባ በቀይ ፕላስተሩ መሀል ሄድኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ቁርስ፦ ቋንጣ።

ቤቱ ውስጥ ፍሪጁ ሲነሣ ይሰማል። ፍሪጁ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሥራ ቦታ ሰውን ለመተንኮስ ሞከርኩ። ሁሉም ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ሰክቷል። አንድ ቦክስ ላይ «ተጠንቀቅ፣ እንቁራሪት አለ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ሱፐርቫይዘሩ አነበበው፣ ስካን አደረገው፣ አለፈው። በአማርኛ መጻፌን ያስታወስኩት በኋላ ነው።

እማዬ ኤርፖርት ላይ ሆና ደወለች። መሬት ነክታለች። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ እውነቴን።

«ውሻ መጣ» አለች።

«እሺ?»

«አጠገቤ የቆመችውን ሴትዮ ሻንጣ አሸተተና ቁጭ አለ። ቋሊማዋን ወሰዱባት። ወረቀት አስፈረሟት፣ አለቀሰች። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። የኔን ሲከፍቱት ነጠላ ጫማ።»

አፌ ውስጥ የነበረውን ቋንጣ ዋጥኩ።

«አንተ ሌባ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ለወጥ አለ። «ተባረክ።»

ተባረክ! እኔን! ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይሄን ደብተር ዛሬ የከፈትኩት። ምናልባት አሁን ስለ እልልታውም ታምነኝ ይሆናል።

እራት፦ ቋንጣ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

እማዬ ታንሾካሹካለች። በቪዲዮ ደወለችልኝና ልለያት አልቻልኩም። ድሮ ስልክ ስታወራ ድምፅዋ ሮዝዌል ድረስ የሚሰማ ሴት። «ግድግዳው ወረቀት ነው እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ከኬንጂ እናት ጋር ሲገናኙ ያቺ ጎንበስ አለች፣ እማዬ ጎንበስ አለች፣ ያቺ ደገመች፣ እማዬ ደገመች። የሚያቆማቸው ጠፋ። ሜሪ በዚያ ሆዷ መሀላቸው ገባች። ስጦታውን በሁለት እጇ ሰጠች፣ ያቺም በሁለት እጇ ተቀበለች። ይሄን እኔ አላሠለጠንኳትም። ከድሮም እንደዚያ ነው የምትሰጠው። ካልሲዋም ደህና ነበር።

ጠዋት ቱሪስቱ ሳይነቃ ሰፈሩን መዞር ጥሩ ነው ብላ ሜሪ መክራ ነበር። እማዬ ደግሞ ለጸሎት ስለምትነሣ ማንም አይቀድማትም። ደጁን የሚጠርግ ሽማግሌ አይታ እጅ ነሣች። መጥረጊያውን አስቀምጦ እጅ ነሣ። «ማንም አልነበረም። መንገዱ ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ብቻዬን ሄድኩ፣ ሄድኩ። ደስ ይላል» አለች። ደስ ይላል ስትል ከፋኝ። የማይረባ ነገር ነው፣ ግን ከፋኝ።

ከዚያ ሜሪ ፎቶ ላከች። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ለሻይ ማሽን ጎንበስ ብላ። አጠገቧ ሁለት ዩኒፎርም የለበሱ የትምህርት ቤት ልጆች እነሱም ጎንበስ ብለው። ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ስወጣ የማሳየው ሰው አጣሁ።

ከሥራ ተመልሼ ምን አደረግኩ? የራሳችንን ደወል ደወልኩና ቁጥቋጦው ሥር ተደበቅኩ። ማንም አልከፈተም። ትንሽ ጠበቅኩ ደግሞ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

አለቀልኝ። የማሽኑን ነገር ሜሪ ነገረቻት።

«ለማሽን አሰገድከኝ!» ብላ ጀመረች። በሹክሹክታ መሰደብ ከጩኸት ይብሳል። ስትጨርስ «የእልልታውም ያው ነው። አወቅኩብህ» አለች።

«እማዬ፣ እሱ እውነት ነው! ሜሪን ጠይቂያት!»

«ሜሪ ካንተ ጋር ተመሳጥራ ነው። ስትስቅ አይቻታለሁ።»

«በምን ልማልልሽ?»

«አትማል። በየትኛው አፍህ?» ዘጋችው።

ሜሪ ቆይታ ደወለች። እግሯ አብጧል፣ መተኛት አልቻለችም። አትስቅም ነበር። «እኔ ስነግራት 'አንቺ በገዛ ልጅሽ አፈርሽበት?' አለችኝ፣ አለቀሰች። ካንተ ሰምታ ብትስቅበት ይሻል ነበር። አሳምናት።»

«አታምነኝም።»

«ለምን?»

«እኔ ስለሆንኩ።»

ከዚያ «እዚህ ብትሆን ጥሩ ነበር። ቢያንስ ታስቀኝ ነበር» አለች።

እኔ የማውቀው አንድ ሙያ ማታለል ነው፣ እሱ ነው ጉድ የሠራኝ። ለእማዬ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። ያለ ቀልድ መናገር ከበደኝ፣ አራት ጊዜ አጠፋሁና ቀዳሁ። «እማዬ፣ እልልታሽን አትጣይው። ዋጥ አድርጊና አቆዪልኝ። ለእኔ ደውይ፣ እኔ እዚህ እልል እልልሻለሁ። ሊልበርን ማንም ምንም አይልም» ነው ያልኩት።

ሰምታዋለች፣ ምልክቱ ያሳያል። መልስ የለም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

መልስ የለም።

ሜሪ ክሊኒክ ገብታለች። ኬንጂ ነው የጻፈው፣ አጭር፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ እሱም ጠፋ። ስልኩን ኪሴ፣ ስልኩን ጠረጴዛ፣ ስልኩን ሻወር ቤት።

ከሰዓት ደወሉ ጮኸ። በመስኮት አጮልቄ አየሁ፦ እትዬ አልማዝ፣ በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ሶፋው ጀርባ ተኛሁ። «ቢኒያም! እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ፣ መኪናህ ቆሟል!» አሉ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ምን እንደምላቸው አላውቅም እኮ። ቀልዴ አልቋል። ቀልድ ከሌለኝ ሰው ጋ ምን ይዤ ልቅረብ?

ሲሄዱ በሩን ከፈትኩ። ምስር ወጥና እንጀራ፣ ገና ትኩስ ነው። ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተሩ ላይ ቁጭ ብዬ በላሁት። ከቋንጣ ሌላ ነገር መብላት እንዴት ደስ ይላል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው። ስልኩ ጮኸ። እማዬ። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶታል፣ ዓይኗ ቀልቷል። እዚያ መሽቷል፣ ከክሊኒክ ወደ ቅያሱ ቤት ተመልሳለች። አፏ ውስጥ የነጠላዋ ጫፍ ተጎስጉሷል። ደነገጥኩ።

«እማዬ! ምን ሆነ?»

ነጠላውን አወጣች። «ሴት ናት» አለች በሹክሹክታ። «ሁለቱም ደህና ናቸው። እልልታው እዚህ ድረስ ደርሶብኛል» ብላ ጉሮሮዋን ያዘች። «ክሊኒክ ዋጥኩት። ታክሲ ውስጥ ዋጥኩት። የኬንጂ እናት ወጥ ቤት ሆና በኩሽና ፎጣ ታለቅሳለች፣ እሷም ድምፅ አታሰማም። በል ውጣ። ውጣና በልልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን! ሰባት ጊዜ!»

«ለሴት ሦስት ነው አይደል?»

«ዝም በል፣ ሰባት! ላንተም ለእህትህም ያልኩት ሰባት ነው!»

በቁምጣ ወጣሁ፣ ደጃፋችን ላይ። ስልኩን ወደ ላይ ያዝኩ። ወንድ ልጅ እልል ሲል ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል። የመጀመሪያው የታነቀ አውራ ዶሮ ሆነ። እማዬ «ምላስህን!» አለችኝ በሹክሹክታ። ሁለተኛው ተሰበረ። ሦስተኛው ላይ ለምን እንደሆነ አላውቅም ማልቀስ ጀመርኩ፣ ማልቀስና እልል ማለት ደግሞ አብረው አይሄዱም። አቆምኩ። የጎረቤት ውሻ ብቻ ይጮሃል።

ያኔ ከመንገዱ ማዶ መጣ።

እልልልልልል። ረጅም፣ ሹል፣ ምንም ያልተሰበረ። እትዬ አልማዝ ናቸው። ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው፣ የመኪና ቁልፍ በእጃቸው፣ በረንዳቸው ላይ ቆመው። ለምን እንደሆነ አያውቁም። ሰው እልል እያለ ድምፁ ሲያጥረው ሰሙ፣ ተቀበሉ፣ በቃ። እኔም አብሬ ቀጠልኩ። ሰባት አለፍን መሰለኝ። ስልኩ ውስጥ እማዬ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

እትዬ አልማዝ መንገዱን ተሻግረው ሲመጡ ነው «ማን ወለደች?» ያሉት።

ቤት ልጋብዛቸው አልኩ። በሩን ከፍተው ሊገቡ ሲሉ ኮሪደሩን አዩ። «ይሄ ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

«የጊዮን መንደር ነው፣ እትዬ። ጫማዎን አውልቀው ነው የሚገቡት።»

«ደግሞ ጀመረህ!» አሉ። አወለቁ ግን። ግድግዳ ሳይደገፉ፣ የኔን ትከሻ ይዘው።

የግራ ካልሲያቸው ቀዳዳ አለው። አውራ ጣታቸው ወጥቷል። አየሁት። ምንም አላልኩም፤ ቋንጣ ላሙቅ ገባሁ።