በአርባ ሺህ ቅጂ ስለታተመው ምስጢራችን

ለክቡር ዶክተር ኤግበርት ዛንድኩል
የከተማችን የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ አይታመም፣ የምግብ ፍላጎትዎም አይጓደል እያልኩ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማችንን ትራም ነድቼ ጡረታ የወጣሁት ኢርምጋርድ ፌልቻው ነኝ። በጋዜጣ ስለጻፍኩልዎ እንዳይቀየሙኝ፤ ሦስት ጊዜ በፖስታ ጽፌ ሦስቱንም ጊዜ «ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል አንድ ዓይነት ወረቀት ስለደረሰኝ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው።

በቅድሚያ «ማንም የማያውቃት ከተማ» ስለተሰኘው የጎብኚዎች መጽሐፍዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በገጽ አሥራ አራት ላይ የቫልትራውድን ቢራ ቤት፣ የእኛኑ «ቀጭኗ ድመት»፣ ምስጢር ነው ብለው በስድስት ቋንቋ፣ በአርባ ሺህ ቅጂ አስነግረውልናል። እንዲህ ያለ ምስጢር ጠባቂ ለከተማችን ስለሰጠ አምላክ ይመስገን።

፩ኛ. በምድጃው በኩል ያለው ክብ ጠረጴዛ የቋሚ ደንበኞች ነው። እኛ ስንመጣ እጅ አንጨባበጥም፤ እንጨቱን በጣታችን አንጓ ሁለቴ እንመታና እንቀመጣለን። «ሁላችሁም እንደምን አመሻችሁ» ማለት ነው፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ያለው ሰው ሰላምታ ነው። መጽሐፉን የጻፉልዎ ሊቅ ግን እዚሁ ጀርመን ተወልደው፣ እዚሁ አርጅተው፣ ጠረጴዛውን ከበር ለይተው ማወቅ ተስኗቸው «አንኳኩ፣ ሽማግሌዎቹ ያስገቧችኋል» ብለው ጻፉ። ይኸው ከሚያዝያ ጀምሮ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ጎብኚ ሁሉ እያንኳኳ ይቀመጣል። በልጆቹ አልፈርድም፤ የተጻፈላቸውን ነው የፈጸሙት፣ ደግሞም ጨዋዎች ናቸው።

፪ኛ. ጎትሂልፍ ብሬኔከ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ፒያኖ ሲቃኝ ኖሮ ዓይኑ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆነው። ጎትሂልፍ ሁላችንንም በምታችን ይለየናል፤ አፋችንን ሳንከፍት በስማችን ይጠራናል። ሌላ ቦታ ሁሉ ሰው እየተጠጋ «እገሌ ነኝ» ይለዋል፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን እሱ ነው የሚያየን። አሁን ማንም በመታ ቁጥር ቀና ብሎ «ኢርምጋርድ?» ይላል፣ እነሱም ደስ ብሏቸው ፎቶ ያነሱታል። በሰኔ ወር፣ በአንዱ ምሽት፣ አንድ ጎብኚ ልክ እንደ ኮንራድ አድርጎ መታ። የጠረጴዛችንን ሰው ኮንራድን ባለፈው ክረምት ነው የቀበርነው። ጎትሂልፍ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ኮንራድ?» አለ፤ ጠረጴዛውን የሞሉት ጎብኚዎች ብርጭቋቸውን አንስተው በደስታ ጮኹለት።

ካፖርቱን እንዳቀብለው ጠየቀኝና «ኢርምጋርድ፣ ማን እንደመጣ ካላወቅኩ እዚህ መቀመጡ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ከዚያን ዕለት ወዲህ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ከቤቱ አልወጣም። ጉንፋን ይዞኛል ይላል። አንጀቴ ያርራል፣ ክቡርነትዎ፤ በዚህ በጨዋ ደብዳቤ ሌላ አባባል አላገኘሁለትም።

፫ኛ. ይህንኑ በስልክ ላስረዳ ብሞክር፣ ምክትልዎ ዓይነ ስውሩ ሰውዬ የቦታው ልዩ መስህብ መሆናቸውን በትሕትና ገልጸው፣ ጎብኚዎች ስለሚጠይቁ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጡ እንደሚመረጥ አሳሰቡኝ።

፬ኛውን ረስቼዋለሁ። ደሜ ስለፈላ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ገጽ አሥራ አራት ይውጣልን፣ ጎትሂልፍም ወንበሩ ላይ ይመለስ። እስከዚያው ድረስ ከእርስዎ ጥበብ በመማር እኔና ቫልትራውድ አንዲት ትንሽ በራሪ ወረቀት አዘጋጅተን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጎብኚ ከቢራው ጋር እናድላለን። ወረቀቷ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በአትክልት ማኅበሩ ግቢ ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ የሸክላ ድንክዬ ምስሎች የተደረደሩበት የእርስዎ የአትክልት ቦታ ጎብኚ ያልደረሰበት የምሽት መዝናኛ መሆኑን ታስረዳለች። ባለቤቱ ወጥቶ እንደሚቆጣ፣ ፖሊስ እጠራለሁ እንደሚል፣ ይህም ሁሉ የትርኢቱ አካል ስለሆነ በጮኸ ቁጥር ሞቅ አድርጎ ማጨብጨብ የአገሩ ወግ መሆኑን ትገልጻለች። ትርጉሙን በስድስቱም ቋንቋ አሟልተናል፤ ከእርስዎ ማነስ አልፈለግንም።

ለከተማችን ዝና ስለሚከፍሉት መሥዋዕትነት በአክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ታዛዥና ቂሟን የማትረሳ አድናቂዎ፣

ኢርምጋርድ ፌልቻው

ማስታወሻ፦ ጎትሂልፍ ትናንት ማታ ከሰባት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ ወጣ። ክንዴን ይዞ መጥቶ ከአጥርዎ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጮኹ እስኪበቃው ሰማዎት፤ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶብኝ ነበር። ዓርብም እንመጣለን፤ እባክዎ እስከዚያው ድምፅዎን ይጠብቁልን።