ጉልበት የሚነካው እጅህ

አባዬ፣

ደብዳቤ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ተብሎ ይጀመራል። ዕድሜህን ሙሉ የሰው ጤና ስትጠይቅ ለኖርከው ለአንተ ይህን መጻፍ ከበደኝ፤ ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። ከተለየኸን ስምንት ዓመት ሞላ። አሁንም አንቱ አልልህም፤ የድሬ ልጅ አባቱን አንቱ ካለ ወይ ተጣልቷል ወይ የሚለምነው ነገር አለ ትል ነበርና።

ጅቡቲ ካርቲየ ሁለት ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። የበሩ ሰማያዊ ቀለም ተልጦ እማዬ አረንጓዴ አስቀባችው። እንደማትወደው አውቃለሁ፤ ምን ታደርግ፣ የሚከራከራት ጠፋ። እየተንቋቋ የሚዞረው የጣሪያው ቬንቲላተርህም በመጨረሻ ቆመ። የከባድ መኪና ማቆሚያውን ፔካ አሥራ ሁለትን ብታየው አታውቀውም፤ የከባድ መኪናው ሰልፍ በዝቷል፣ አዲስ የባቡር ሐዲድም እየተዘረጋ ነው። የአንተ ትንሽ ክሊኒክ ግን ከሰልፉ ጎን እንደቆመች ናት።

እዚያ ነርስ ነበርክ፤ ሾፌሮቹ ዶክተር ይሉሃል፣ አንተም አታርማቸውም። ሌላው ሐኪም ታማሚ ሲመጣለት ግንባር ይነካል። አንተ መጀመሪያ ቁጢጥ ብለህ ሁለቱንም ጉልበት ትይዛለህ። ከአገር ቤት የመጡ ሽማግሌ ሾፌሮች ጉልበት ልትስም የወደቅክ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር። «ኧረ በእግዜር ተነስ! እኔ ማን ሆኜ ነው!» እያሉ በብብትህ ይዘው ሊያነሱህ ሲታገሉ ስንቴ አይቻለሁ። አንዱማ ራስህ ላይ እጁን ጭኖ «እደግ ልጄ» ብሎ መረቀህ፤ ያኔ ጸጉርህ ከእሱ ይበልጥ ሸብቶ ነበር። «አሜን» ብለህ ጉልበቱን ሳትለቅ ግሉኮስ እንዲዘጋጅ በዓይንህ ጠቀስክ። ሰውዬው ከወር በኋላ በእግሩ መጥቶ አመሰገነህ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ጠየቅሁህ። «ግንባሩ እሳት ሆኖ ጉልበቱ ከቀዘቀዘ አትጠብቂ» አልከኝ። «በጅቡቲ ሐምሌ ጉልበት ያለ ምክንያት አይቀዘቅዝም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።» ከየት እንደተማርከው አልነገርከኝም። ከብዙ ሰው አልጋ አጠገብ የተማርከው ይመስለኛል።

የነገሩን ስም ያወቅሁት ለትምህርት ፈረንሳይ ሄጄ ነው። ሴፕሲስ ይሉታል። በሴሎቻችን ላይ አብረውን የተወለዱ ዘቦች አሉ፤ በትምህርቱ ተቀባይ ይባላሉ። የባክቴሪያ ቁራጭ ሲነካቸው ይጮኻሉ፣ ሰውነትም ለውጊያ ይነሳል። ይህ በጎ ነው። ጩኸቱ አልበርድ ሲል ግን ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ ይዞራል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ደሙም ልብንና አንጎልን ላድን ብሎ ከዳር ይሸሻል። ጉልበት የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው። የኔ ሥራ የእነዚያን ዘቦች ጆሮ የሚደፍን መድኃኒት መፈለግ ነበር፤ ስነግርህ በስልክ ስታጨበጭብ ይሰማኝ ነበር።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍልህ። የዛገ የተሳቢ ብረት እጅህን የቆረጠህ ጊዜ በስልክ «ትንሽ አተኮሰኝ» አልከኝ። እኔም «ስንት ዲግሪ ነው?» አልኩህ። ቁጥሩን ነገርከኝ፤ ብዙም አልነበረም፤ ተመስገን ብዬ ወደ ላቦራቶሪዬ ገባሁ። እማዬን «ጉልበቱን ንኪው» አላልኳትም። ስለ ዘቦቹ ያን ሁሉ ገጽ የጻፍኩት ልጅህ የአንተን አንዲት ትምህርት ረሳሁ። የአገሩን ሾፌር ጉልበት ስትይዝ ኖረህ፣ የአንተን የያዘ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን መርዶህ መጣ።

ከዚያ በኋላ በንዴት ሠራሁ። መድኃኒታችን ላቦራቶሪ ውስጥ ጥሩ ሆነ፤ በታማሚ ላይ ሲሞከር ግን ያሰብነውን ያህል አልረዳም። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ጊዜ የደረሰው ዘቡ ጮሆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን። ተስፋ ቆረጥኩ፤ ሥራውን ልተው ወስኜ፣ ለእማዬም ሳልነግራት ባለፈው ክረምት ቤት መጣሁ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እማዬ ወገቤን አመመኝ ብላ ተኛች። ቴርሞሜትር አወጣሁ፤ ትኩሳቱ ትንሽ ነው። «ሙቀቱ ነው፣ ተይኝ» አለችኝ። ልተዋት ነበር፤ እጄ ቴርሞሜትሩን እንደያዘ ያ የስልኩ ጥያቄዬ ትዝ አለኝ። ተንበርክኬ ጉልበቷን ያዝኩ። «ደግሞ አንቺም ጀመርሽ!» ብላ ሳቀች። ጉልበቷ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዟል።

ሰዓቱ ደግሞ ጫት ወደ ከተማው የሚገባበት ነው፤ ሾፌሩ ሁሉ ወደዚያ ሮጦ ታክሲ የሚባል ጠፋ። ጎረቤታችን አሚና መንገድ መሃል ቆማ፣ በሶማልኛ እየጮኸች፣ ወደ ባልባላ ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ አስቁማ ተሳፋሪውን አስወረደችው። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ከኩላሊቷ የተነሳ ኢንፌክሽን ወደ ደሟ መግባቱን ነገረኝና ወዲያው አንቲባዮቲክና ግሉኮስ ጀመረላት። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብሎ ወደ ግሉኮሱ ዞረ።

አባዬ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዘብ የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚያስፈልገን ይመስለኛል፤ ግን ቀድሞ የሚያውቅ እጅ ካልቀደመው ብቻውን ምንም አይሠራም። ለቀጣዩ ሙከራ ታማሚ በምንመርጥበት ቅጽ ላይ «ጉልበቱ ቀዝቅዟል ወይ?» የሚል መስመር ይግባ ብዬ ሐሳብ አመጣሁ። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሳቁ፤ እኔ ግን ሾፌሮቹ ሲደነግጡ እያየሁ ስላደግሁ አልከፋኝም። ስለ አንተ ነገርኳቸው። መስመሩ ገባ። ስምህ የለበትም፤ የአንተ መሆኑን ግን እኔ አውቃለሁ፣ ታማሚ ሲመረጥ ከሐኪሞቹ ጋር አብሬ በተንበረከክሁ ቁጥርም አስታውስሃለሁ። ያን ቀን ስልክ ላይ ያላልኩትን «ጉልበቱን ንኩ» ዛሬ በየሄድኩበት እላለሁ።

ለእረፍት ቤት መጥቼ ይህን ስጽፍልህ እማዬ ከጀርባዬ ቆማ «የበሩን ቀለም እንዳትነግሪው» ትለኛለች። ነግሬሃለሁ። አሁን ዞር ብዬ ጉልበቷን ነካሁት፤ ሙቅ ነው።

ልጅህ