ከአልጀርስ ታማንራሴት፣ ደርሶ መልስ

ሰኞ፣ መስከረም 6

ልጄን ኒሀልን ትምህርት ቤት አድርሼ ቢሮ ገባሁ። የታማንራሴቱ ሥራ ጸደቀልኝ! ሰሐራ መሐል ያለው የዚያ ከተማ የውሃ መስመር መሐንዲስ። ስድስት ዓመት የቢሮውን ወንዶች ስህተት ሳርም ከርሜ...

ማታ ለኒሀል ነገርኳት። «ግመል አለ?» አለችኝ። አለ።

ሐሙስ፣ መስከረም 9

የቀድሞ ባሌ ዙቢር ከሰሰኝ። ልጄን ወደ ሰሐራ ልትወስድብኝ ነው፣ አሳዳጊነቷን ትነጠቅልኝ ብሎ!

ቤቱ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ከተፋታን ዓመት አለፈን። ስንቴ መጣ? ሁለቴ። አንዱን የረሳውን ጃኬት ሊወስድ። ዛሬ ነው አባትነቱ ትዝ ያለው?

እሑድ፣ መስከረም 19

ገበያ የዙቢር እናት ሐጃ ዙሊኻ ያዙኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«ባሕር አጠገብ ተወልዶ ውሃ ፍለጋ ሰሐራ! ምኑን ነው የተማርሽው አንቺ?»

«ልጅዎ እኮ መንገድ ተሻግሮ ልጁን ማየት ያቃተው ነው፣ ሐጃ።»

«ወንድ ነው፤ ሥራ ይበዛበታል።»

«ዶሚኖ መጫወት?»

ሰርዲን ሻጩ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን የመጣሁበትን ሳልገዛ ወደ ቤቴ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ፍርድ ቤት። የዙቢር ጠበቃ ካርታ ዘርግቶ ጣቱን ከባሕሩ እስከ ታች ጎተተው። «ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ክቡር ዳኛ! በመኪና ሁለት ቀን!»

«በመኪና ሂድ ያለው ማን ነው? በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» አልኩ።

ዳኛው ቀና አሉ። «ሄዶ፣ ልጁን አይቶ፣ ሳይመሽ ይመለሳል?»

«ይመለሳል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተነስቶ አራት ሰዓት ሳይሞላ እኛ ጋ ነው። መመለሻው አሥር ሰዓት ላይ። ግን የአሥር ደቂቃውን መንገድ ለምን እንዳልቻለ ይጠይቁልኝ!»

«ልጄ፣ እዚህ የምንለካው መንገድ ነው።»

መንገድ! ታዲያ ሌላው የት ነው የሚለካው?

ፈቀዱልኝ። በወር አንድ ዓርብ ይመጣል። አውሮፕላን ማረፊያ ልጅቷን ይዤ ካልጠበቅኩ አሳዳጊነቱ ወደ እሱ ይዞራል። እሱ ቢቀርስ? ስለ እሱ መቅረት የተባለ ነገር የለም። አንዲት ቃል!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ታማንራሴት ገባን። ከደመናው ሥር ያየሁት አሸዋ፣ አሸዋ፣ አሸዋ... ዙቢር ይህን አልፎ ሊመጣ? ብቻዬን ሳቅኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

መጣ።

አይመጣም ብዬ ምዬ ነበር። ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። አውሮፕላን ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ቤት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ሰዓቱን አየ። ልማዱ ነው፣ ቀጥሎ «ቀጠሮ አለኝ» ይላል። ግን ወዴት ይሂድ? አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ነው። የሚያውቀው ካፌ የለ፣ ጓደኛ የለ... ተቀመጠ። ኩስኩስ በላ። ኒሀል የሚነቃነቅ ጥርሷን በጣቱ አስነካችው፣ ግመል ሳለችለት፣ የክፍሏን ልጆች በየስማቸው ነገረችው። በመጨረሻ ጭኑ ላይ ተኛች። እንዳትነቃበት እግሩ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀሰም።

ስንሸኘው በጆሮዬ፦ «እንዲህ ወሬኛ መሆኗን አላውቅም ነበር።»

ላዝንለት ምንም አልቀረኝ። አላዘንኩም! አምስት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ስታወራ ነው የኖረችው። ማምለጫ ሲያጣ ሰማት። አባት ልጁ ጋ እንዲቀመጥ ሰሐራን መሐል ማስገባት ነበረብኝ?

ስንመለስ ኒሀል «ባባ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። አልጀርስ ሳለን ይህን ስትጠይቀኝ ወሬ እቀይር ነበር።

ዛሬ ቀኑን ነገርኳት።