ባለሦስት እጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ቢሮ እንደ ወትሮው። ሻይ፣ አቧራ፣ የታይፒስቷ ጣቶች ኳኳታ። የምናዘጋጀው የሳይንስ መዝገበ ቃላት እየገፋ ነው። ዋና አዘጋጁ (በሌሉበት “ቀይ እስክሪብቶ” ነው የምንላቸው) አንድ ቃል ወረወሩልኝ፦ ትራይቫለንት። አማርኛ ፈልጊለት፣ ተማሪ ሲያየው የሚገባው ይሁን አሉ። የሙከራ ጊዜዬ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ካማራቸው እቀጠራለሁ... ካላማራቸውስ? ትርጉሙንማ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ትስስር የሚፈጥር አቶም ነው። ማወቅና ስም ማውጣት ግን ለየቅል ናቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
አገኘሁት! ባለሦስት ጉልቻ። ጉልቻ መቼም ሦስት ነው። ምን ያንሰዋል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ኧረ ጉዴ። “አሉሚኒየም ባለሦስት ጉልቻ ነው” ብዬ ምሳሌ ሰጥቻለሁ። ታይፒስቷ በሳቅ ፈረሰች። መቼ አገባ? ለሠርጉ ሳንጠራ? አለች። ሦስት ጉልቻ መመሥረት ትዳር መያዝ መሆኑን እንዴት ረሳሁት... ቀይ እስክሪብቶ አልሳቁም።
“ልጄ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ደግሞም ጉልቻ ይሸከማል እንጂ አይጨብጥም። ያንቺ አቶም የቱን ነው የሚሠራው?”
ይጨብጣል። ልክ ናቸው። ያናድዳል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ከእማዬ ጋር ገበያ። ባንድ እጇ ዘንቢል፣ በሌላው የእህቴን ልጅ ይዛለች። ስልኳ ጮኸ። አንሺው እንጂ አልኳት።
“ሦስት እጅ አለኝ እንዴ?”
መንገድ መሃል ደርቄ ቀረሁ። አንድ ሹፌር ጥሩምባውን አንባረቀብኝ። ያንባርቅ! እያንዳንዱ እጅ አንድ ነገር ይጨብጣል... ሦስት እጅ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
አዲሱን ቃል ለቀይ እስክሪብቶ አቀረብኩላቸው። “ሦስት እጅ” ብቻ ከተባለ ከአራት ክፍል ሦስቱ ማለት ይመስላል አሉ። “ባለ” ከፊቱ ቢገባስ? አልኩ። ጻፉት፦ ባለሦስት እጅ፣ ሦስት ትስስር የሚፈጥር፤ ለምሳሌ አሉሚኒየም ሦስት ክሎሪን ይይዛል። በሰማያዊ እስክሪብቶ! ሰማያዊ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣
“ባለአራት እጁን ነገ አምጪ። ከወሩ በኋላም ብዙ እጅ ይጠብቅሻል።”
ተቀጠርኩ ማለት ነው? ታይፒስቷ በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። አዎ፣ አንቺ ደነዝ ማለቷ ነው።

ቤት ስገባ እማዬ ድስት እያጠበች ነበር። ይሄ ድስት አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም ደግሞ ባለሦስት እጅ ነው ብዬ አስረዳኋት። ድስቱን ገልበጥ አድርጋ አየችው።
“ታዲያ ሦስት እጅ ካለው ራሱን አያጥብም?”
ስፖንጁን አስጨብጣኝ ወጣች።
አጠብኩት። በሁለት እጄ... እየዘፈንኩ።