ከችፑዱ ወዲያ ያለው ሙቀት

ሰኞ፣ መጋቢት 21፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም የሙቀት መለኪያው ሴንሰር ዋሸኝ። የጋሽ ቱሉን ግንባር 33 ዲግሪ አለው። አከራያችን ናቸው፤ ሰፈራችንን ጎሮን ፎቅ ሳይወርሳት እዚሁ ግቢ ላይ ጤፍ ያጭዱ የነበሩ ሰው። ጋሼ፣ 33 የሬሳ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ድንኳኑን ትከሉልኛ» አሉኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ማስታወሻዬ፣ ደስታዬን ለማን ልንገረው? ከ12ኛ ክፍል ወጥቼ ሃያ ዓመት ምድጃና ሬድዮ ስጠግን የኖርኩ ሴት፣ ዛሬ ኮሮና ገባ ተብሎ ዕድሩ ሰው ሳይነካ ትኩሳት የሚለካ ማሽን ሥሪልን ይለኛል። የውጪው ዋጋው አይቀመስም፣ ቢቀመስም የለም። እሁድ ስብሰባው በር ላይ መቆም አለበት። ሴንሰሩ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል። ሣጥኑ የሳሙና ማስቀመጫ። ቁጥሩ የሚበራበት ከአሮጌ ሚዛን የተፈታ። አምሮበታል።

ማክሰኞ 22፣ ጠ. 4 ሰ.

ተገኘ። ጋሽ ቱሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እምነት ግንባራቸው ላይ ተቀብተው ነው ወደ እኔ የሚመጡት። አመዱ ገና እርጥብ። ማሽኑ ያነበበው እምነቱን ነው፣ ሰውየውን አይደለም። ጾም ነው፤ እሁድም ዕድርተኛው ሁሉ እንዲሁ ተቀብቶ ይመጣል። ጥረጉ ልበል? ማን ደፍሮ። ከጆሮ ሥር ለካሁ፣ 36.1። የብብቱ ቴርሞሜትር 36.7። ልዩነቷን ጨመርኩለት።

በሙቅ ውሃም ፈተንኩት። የድስቱ የሚያብለጨልጨው ጎን ያታልለዋል፤ ጥላሸት የያዘውን ጎን ግን ልክ ይላል። እንደ ሰው ነው፣ ብልጭልጭ ያሞኘዋል።

አንድ ነገር ግን። ሳላጠፋው ወደ ግድግዳው ዞረ። 21። 21። 21። 25።

ግድግዳ ስልሽ ችፑድ ነው። ጋሽ ቱሉ አንዱን ክፍል ለሁለት ከፍለው ለእኔና ለዝናሽ አከራዩን። ዝናሽ ቦሌ መድኃኔዓለም አንድ ሆቴል ነው የምታጸዳው። ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። በሩን በጓጉንቸር ትቆልፋለች። ሬድዮዋን ክፍት ትታ ነው የምትሄደው፤ ሌባ ሰው አለ ብሎ እንዲያልፍ። ቤቱ ባዶ ነው።

25።

ረቡዕ 23፣ ከሰዓት 8 ሰ.

ሴንሰር ቀየርኩ። ሁለተኛውም ያንኑ አለ። ሙቀቱን ዞር ዞር እያልኩ በጠመኔ ከበብኩት። ስፋቱ የሰው ጀርባ ያህል። ጠዋት በበሩ በኩል ነበር። ቀትር ላይ ጥግ ይዟል። በዚያ በኩል ፀሐይ አይገባም። ምድጃ ነው እንዳልል፣ ምድጃ አይሄድም።

አብጃለሁ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም አላማረኝ።

ምሽት 1 ሰ.፦ ዝናሽን፣ ማሽኔ ግድግዳሽ ይሞቃል ይላል፣ ምድጃ ሳታጠፊ ነው እንዴ የምትወጪው አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። «እትዬ አልማዝ፣ የእኔን ግድግዳ ደግሞ ለምን ይለኩታል?» ገባች፣ ተመልሳ ወጣች። ሳልጠይቃት፣ ከዓረብ አገር ልትመጣ የነበረችው እህቷ ቀረች አለችኝ። እሰይ፣ በደህና ትቆይ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐሙስ 24፣ ጠ. 4 ሰ.

ሙቀቱ ያለበት ቦታ ወደ ታች ወርዷል። ከወለሉ አንድ ስንዝር። ረዝሟል፤ የተኛ ሰው ያህል። 27።

መብራት ሄደና ሬድዮው ዝም አለ። ጆሮዬን ችፑዱ ላይ ለጠፍኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ከወዲያም ትንፋሹን የያዘ አለ። እንዴት አወቅሽ አትበይኝ። ይታወቃል።

ገባኝ። የዝናሽ እህት መጥታለች። ከውጭ የገባ ሁሉ ለይቶ ማቆያ ይወሰዳል ስለተባለ ደብቃታለች። ብናገር ይወስዷታል፤ ዝናሽም ከሥራዋ ትባረር ይሆናል። ዝም ብል ደግሞ፣ ታማ ከሆነ፣ ልጅቷ ተቆልፎባት ትሞታለች። ለጋሽ ቱሉ አልነገርኩም። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልነካሁም። ጀርባዬን ለግድግዳው መስጠት አቃተኝ።

ዓርብ 25፣ ጠ. 4 ሰ.

ችፑዱ ላይ የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ሽቦውን ገፋ አድርጌ ማሽኑን ደቀንኩበት። 22።

አልማዝ ነኝ፣ ምድጃ ጠጋኟ፣ አላይሽም አልኳት። ግንባርሽን ወደ ቀዳዳው አስጠጊልኝ።

22። 22። ሬድዮው ስለ አየር ጠባይ ያወራል። 22። የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ተጎተተ። 24። 31።

39.6።

ማስታወሻዬ፣ የእጄ ሥራ ተሳስቶ በሆነ ብዬ የተመኘሁት ዛሬ ነው። በጥላሸቱ ድስት መልሼ ፈተንኩት። ልክ ነው። እንደገና በቀዳዳው፣ 39.7።

«ለዝናሽ አይንገሯት» አለችኝ። ድምጿ የሕፃን ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ቀኑ ጠፍቷታል። ውሃዋ ከትናንት ወዲህ አልቋል።

ዝናሽ ጋ አራቴ ደወልኩ። አታነሳም።

ለጋሽ ቱሉ ነገርኳቸው። ለጤና ሰዎች ይደወል፣ እነሱ ይክፈቱት አሉ። ይደወላል አልኩ። ግን ሲደርሱ ያቺን ልጅ እንደተቆለፈባት አያገኟትም። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ስልክ። ዝናሽ ትጥላኝ፤ ስትመጣ በሯ ላይ ቆሜ ታገኘኛለች፣ የምትሰድበኝን ትስደበኝ።

አፌን በነጠላ አስሬያለሁ። የብረት መጋዙ እጄ ላይ ነው። ጋሼ፣ ስትቆርጪ ጓጉንቸሩን ልያዝልሽ ብለው፣ አይቅረቡ ብዬ ብከለክላቸውም እየመጡ ነው፣ እኔም ወደ በሯ ወጣሁ።