የባለ ተራዋ ቃል

እሁድ፣ ጥቅምት 9
ጠዋት ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር የሕንፃ ደረጃ ሳጥብ አረፈድኩ። ከሰዓት ቡርጅ ሰፈር፣ የእኛ የቤት ሠራተኞች የቲያትር ቡድን ጋ። ከእርዳታ ድርጅቱ የምትመጣው ሊባኖሳዊት ዛሬም ያንኑ የአለቃ ጥያቄዋን ጠየቀች። «ያኒ፣ ሙዲራችሁ ማን ናት?» ከመሃላችን ሀረገወይን «የሳምንቱ ባለ ተራ» አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። እውነት ነው እኮ። ባለ ተራዋ የደረሰባትን ታመጣለች፣ ማን ማንን ሆና እንደምትጫወት እሷ ታዛለች። እምቢ ማለት የለም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ልንበተን ስንል አዲስ ሴት ገባች። ነስሪያ። ገና ሳያት አወቅኋት። ሰላም ስትለኝ ምን ብዬ መለስኩ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ከማዳሜ ቤት ስጠፋ የተደበቅሁበትን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ከላይኛው ፎቅ የምትሠራ፣ የወሎ ልጅ፣ እህቴ የምላት። ማዳሜ ፖሊስ አስከትላ መጣች። ታሰርኩ። እናቴ የሞተችው ያኔ ነው፤ መርዶውን የሰማሁት ስፈታ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የመጪው እሁድ ተራ የማን ነው? የኔ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16
የራሴን ታሪክ አመጣሁ። ስም አልጠራሁም። ሀረገወይን እኔን ሆነች። ከዚያ ዞር ብዬ፣ «ነስሪያ፣ ጠቋሚዋ አንቺ ነሽ።»

«ሌላ ስጪኝ፣ ረሂማ።»

«ኸላስ፣ ደንብ ነው።»

ቆመች። «ማዳም፣ ያለችበትን አውቃለሁ።» አልተሰማም፣ ድገሚው አልኳት። ደገመች። አሁንም ድገሚው... ስንቴ እንዳስደገምኳት እንጃ። ስታለቅስ ለሁሉም ገባቸው። ማንም አላጨበጨበም።

ደስ አለኝ። ለማን ብዬ እዋሻለሁ? እራቴን ጥርግ አድርጌ በልቼ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ሀረገወይን ደወለች። ነስሪያ ተባረረች ልትለኝ መስሎኝ...

«ትቆያለች። ሴቶቹ ተነጋግረናል። የእሁዱንም ተራ ለሷ ሰጥተናታል።»

ያለ እኔ?

«አለቃ የለንም፣ ረሂማ። ያንቺ ተራ አልፏል።»

ትምጣ። ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ ደግሞ ማንን ልታዝ?

እሁድ፣ ጥቅምት 23
መጣች። ዓይን ዓይኔን እያየች ተናገረች። ማዳሜ ወደ ላይ ወጥታ፣ ከነስሪያ ማዳም ጋር ሆነው በረንዳ ላይ ቆልፈውባት ነበር፣ በክረምቱ ዝናብ፣ እስክትናገር። አላውቅም ነበር። እውነት ይሁን ውሸት... ማን ምስክር አለ?

«የረሂማን ማዳም ረሂማ ትጫወት» አለች።

ሌላ ስጪኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ደንቡ ግን የራሴ ነው።

ቆምኩ። «የት ናት? ተናገሪ።»

«አልተሰማም» አለች ነስሪያ ቀስ ብላ። «ድገሚው።»

ደገምኩ። ደግሜ ደገምኩ። እየጠላኋት... ድምፄ እየወፈረ መጣ።

ልምምዱ ሲያልቅ ሴቶቹ ወሰኑ። ጀማይዜ ሰፈር ለሕዝብ ለምናሳየው ትርኢት ማዳሟ እኔ ነኝ። «እኔን ለምን?» አልኩ።

«ያን እሁድ ነስሪያን ድገሚው ስትያት በነበረው ድምፅሽ ተጫወቺው» አለች ሀረገወይን። «ሌላ ልምምድ አያስፈልግሽም።»